ሰው ስለ ራሱ ሲመሰክር

የሰውን ጠባይ በወረቀት መዝኖ ለሥራ የሚበጀውን ከማይበጀው ለመለየት መሞከር በዓለም ላይ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለአመልካቹ «ትጉህ ነኝ»፣ «በቶሎ አልቈጣም» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይቀርቡለትና «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «ፈጽሞ አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። እንጀራው በመልሱ የሚወሰንበት ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። እኛ ልንመረምረው የወደድነው ግን ይህ ሰው ውሸታም ይባላልን? የሚለውን ነው።

የዳባት ሕዝብ ቅጽ ይዞ ከደጁ ለሚቆም ጠያቂ እንግዳ አይደለም። የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ የምርምር ጣቢያ ካቋቋመ ወዲህ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን ቀዬውን እንደ ለቀቀ ሲጽፉ ኖረዋል። ልደትንና ሞትን ግን ጎረቤት ያየዋል፤ ቀብር የወጣ ሁሉ ይመሰክረዋልና መልሱ ቢሳሳት የሚያርመው አይታጣም። የልብ ጠባይ እንዲህ ያለ ምስክር የለውም።

ገብሱን በረዶ የመታበት የሰሜን ገበሬ «እንዴት ከረምህ?» ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» ይላል። ዋሸ የሚለው የለም፤ የመለሰው ለጠያቂው አክብሮት ነው እንጂ ስለ አዝመራው አይደለምና። «እሺ» የምንለውም ቃል ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለት እንጂ «እስማማለሁ» ማለት አይደለም። የተጠየቁትን ሁሉ «አዎን» የማለትን ልማድ የባሕር ማዶ ሊቃውንት የመለኪያ ስሕተት ይሉታል፤ በእኛ አገር ግን ጨዋነትም ነው።

ከዚህም በላይ በአገራችን ራስን ማወደስና ራስን መክሰስ የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። በሠርግና በዘመቻ የሚፎክረውን ሰው ትዕቢተኛ የሚለው የለም። ጥፋቱን ደግሞ ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ የሚናገረውም ምስጢሩ እንደማይወጣና እንጀራው እንደማይቋረጥ ዐውቆ ነው። ቅጹ ግን ፉከራም ኑዛዜም ያልሆነ ነገር ይጠይቃል፤ ያለ ምስጢር ጠባቂ ኑዛዜ፣ ያለ አጨብጫቢ ፉከራ።

እ.ኤ.አ. በ1960 ክራውንና ማርሎ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ሊይዙ 33 ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጁ። የሚያስመሰግን፣ ነገር ግን በማንም ላይ እምብዛም የማይገኝ በጎነት ሁሉ የእኔ ነው የሚል ሰው ራሱን ያሳመረ ሆኖ ይቈጠራል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ሆኖም እውነተኛውን ደግ ሰው ከአስመሳዩ ጋር በአንድ ወጥመድ እንዳይዝ እንሰጋለን።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። «ታጋሽ ነኝ» ያለውን አመልካች ውሸታም አንለውም፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ መልስ አልተወለትምና፣ የሚበዛው በደል የጠያቂው ነው። በቅሎ ጭኖ ሊማሊሞን ሳይወርድ «ወርጃለሁ» ያለው ግን ዋሽቷል፤ ለእርሱ ምሕረት አንጠይቅም።

በደባርቅ ለተራራው መንገድ መሪ የሚቀጥር ሰው «ደፋር ነህን?» ብሎ ከሚጠይቅ ይልቅ ባለፈው ክረምት ጭጋግ ሲወርድ ከማን ጋር እንደ ነበረ፣ ምንስ እንዳደረገ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ከዚያም አብረውት የነበሩትን ያነጋግር። እነርሱም ዘመድ ሊያደሉ፣ ቂምም ሊይዙ ይችላሉ። የቀድሞ ሰዎች ለዚህ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ዋሱም የዋስትና ቃሉ ሳይጸና ሲቀር ከራሱ ከብት ይከፍል ነበር።