የማን ብርሃን ነው?

ከአርባ ምንጭ በታች፣ የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ ያለው ዳርቻ «የአዞ ገበያ» ይባላል። ቀን በጀልባ የሄደ ሰው የሚያየው አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቅ አዞ ነው። ማታ ውሃው ላይ ባትሪ ቢበራ ግን ቀላ ያሉ ነጥቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፍም መስለው ይታያሉ። ባትሪው ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። በአዞ ዓይን ውስጥ ያለው ስስ ንጣፍ የመጣለትን ብርሃን መልሶ ይልካል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው የለም።

ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ራሱ የሚያበራ እንስሳ እጅግ ብርቅ ነው። በጥልቅ ውቅያኖስ ደግሞ ማብራት የዕለት ኑሮ ነው። በየብስ ላይ ከሁሉ የምትታወቀው አብሪ ጥንዚዛ ናት። በሆዷ ጫፍ ሉሲፈሪን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ሉሲፈሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል። እጅ ላይ ብታርፍ አታቃጥልም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከአሥሩ ዘጠኝ እጁን በሙቀት ያባክን ነበር፤ የእሷ ግን ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ብርሃን የራሷ ነው?

የአየርላንድ ተወላጁ ሳይንቲስት ሮበርት ቦይል በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት በመስታወት ዕቃ ከትቶ አየሩን ቢመጥጠው ብርሃኑ ጠፋ፤ አየሩን ቢመልስለት በራ። ጥንዚዛዋም ያለ አየር አታበራም። ማገዶዋም በአብዛኛው በትልነቷ ዘመን ከበላቻቸው እንደ ቀንድ አውጣ ካሉ ፍጥረታት የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንት የባሕርይንና የጸጋን ይለያሉ። ብርሃን ለፈጣሪ የባሕርይ ገንዘቡ ነው፤ ፍጡር ቢያበራ በጸጋ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ብርሃን የተፈጠረው እሑድ፣ ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት ረቡዕ ነው። ፀሐይ እንኳ ተቀባይ ናት ማለት ነው። የቦይል እንጨትና የሊቃውንቱ ትምህርት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ግን አዞውንና ጥንዚዛዋን አንድ አያደርጋቸውም። እሷ የተቀበለችውን ሠርታበት መልእክት ታደርገዋለች፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዱ በወገኑ ምት ብልጭ ይላል፣ ሴቷ ከሣር ውስጥ ትመልስለታለች። በሰሜን አሜሪካ የፎቱሪስ ወገን ሴቶች የሌላ ዝርያን ምላሽ አስመስለው እየሰጡ የመጣውን ወንድ ይበሉታል። ጸጋ ለማታለልም ይውላል። ጥንዚዛ ሕግ ስላልተሰጣት አትወቀስም፤ የሚጠየቀው ሰው ነው።

ሰውም ብርሃን አለው፤ ለዚያውም ብዙ። ኃይለኛ መብራት ባለበት ወንዱ ጥንዚዛ የሴቷን ብልጭታ መለየት ያቅተዋል፤ ሳይገናኙም አጭር ዘመናቸው ያልቃል። በጋሞ ደጋ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፦ የተከለከለውን መድፈር ነው፤ ጣጣውም ከደፋሪው አልፎ ለቤተሰቡ፣ ለከብቱና ለምድሩ ይተርፋል። የአካባቢው የተከበሩ ደኖች እስከ ዛሬ የቆዩት በአብዛኛው በዚሁ ፍርሃት ነው። የደካማ ፍጡርን ብርሃን በመብራት መሸፈንም በዚህ ሚዛን ቢታይ ከጎሜ የሚርቅ አይመስልም።

የአርባ ምንጭ ጫካ ከሥሩ በሚፈልቁ ምንጮች የሚኖር ነው፤ እንደ አብሪ ጥንዚዛ ያሉ ነፍሳት የሚወዱትም እርጥብ አፈርና የረገፈ ቅጠል ነው። ከጫካው በላይ ሆቴልና ሎጅ ያላችሁ ወገኖች፣ እንግዳው ከተኛ በኋላ ወደ ጫካው የዞረውን መብራት አጥፉት።