ሻጯ ዋጋውን ካላወቀች



በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንድ ተማሪዬ በቴሌብር 33 አክሲዮን ገዛ። የመጨረሻው ትንሹ መጠን ነው፤ አንዱ በ300 ብር፣ በድምሩ 9,900 ብር። ሳምንት ሳይሞላው ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠብቆኝ «ኡስታዝ፣ አሁን ስንት ገብቶ ይሆን?» አለኝ። የዚህ ልጅ አያት ገጠር ላም በርቢ የሰጡ ሰው ናቸው። ላሟ እስክትወልድ፣ ጥጃው እስኪያድግ ዓመታት ሲጠብቁ አንድም ቀን በየማለዳው ዋጋ ሲጠይቁ አልሰማሁም። ይህን ነገርኩትና ተሳሳቅን።

ቤንጃሚን ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አክሲዮን የሚሠራ ድርጅት ቁራሽ ነው፤ ገበያው የሚጠራው ዋጋና የድርጅቱ ትክክለኛ ዋጋ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሒሳቡን መርምረህ፣ ከትክክለኛ ዋጋው በደንብ ዝቅ ሲል ትገዛለህ፤ ግምትህ ቢሳሳት እንኳ ልዩነቱ መጠባበቂያ ይሆንሃል። ከዚያ ትጠብቃለህ። ተማሪው ዋረን ቡፌት በ11 ዓመቱ ሦስት አክሲዮን እያንዳንዱን በ38 ዶላር ገዝቶ፣ ዋጋው ወርዶ ሲያስደነግጠው ቆየና 40 ሲደርስ ሸጠ። ኋላ 200 ገባ። ሰውየው ሀብቱን ሲገነባ ኢንሹራንስን ትልቅ መሠረት ስላደረገ ፈትዋ አንጠይቀውም፤ ከትዕግሥቱ ብንማር ግን አይጎዳንም።

ደግሞም ትዕግሥቱ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ግማሽ ነው። ሁለት ብር የሚያወጣውን በአንድ ብር ግዛ ይላሉ። እሺ፤ በአንድ ብር የሚሸጥልህ ማነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ አንዲት ጎረቤቴ፣ ቅቤ ነግደው ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዟቸው የአንድ ምግብ አምራች ማኅበር አሥር አክሲዮኖች ነበሯቸው። ልጃቸው ታመመና ደሴ ማሳከም ግድ ሆነባቸው። «ልጄ፣ በገዛሁበት ውሰድልኝ» አሉኝ፤ አንዱን በ1,000 ብር። እኔ የማኅበሩን የኦዲት ሪፖርት አንብቤ ነበር። ዕዳ የለበትም፣ ትርፉ በየዓመቱ ያድጋል፣ ማሽኖቹ አዲስ ናቸው። ቢያንስ እጥፍ እንደሚያወጣ አውቄ ዝም አልኩ። ገዛሁ። አልዋሸሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እንዲያውም ችግራቸውን ያቃለልኩላቸው መስሎኝ ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዓመቱ ገደማ መድረሳ ውስጥ የሽያጭን ምዕራፍ ሳስተምር ጀሪር ኢብን ዐብዲላህ ጋ ደረስን። ሠራተኛቸው በ300 ዲርሃም የተስማማበትን ፈረስ አይተው፣ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ራሳቸው ገዢው ዋጋውን እየጨመሩ 800 ያደረሱት ሰሓባ ናቸው። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም ቃል ገብተው ስለነበር ነው። አንድ ተማሪ «እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ዛሬ አለ?» ሲል መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ፊቅሁን ለራሴ አመቻችቼ ልተረጉመው ሞክሬ ነበር። አንባቢው አጥንቶ ያገኘው ዕውቀት የድካሙ ዋጋ ነው፤ እያንዳንዱ ገዢ ያወቀውን ሁሉ እንዲናገር ቢገደድ ማን ሪፖርት ያነባል? ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም፤ ዛሬም በከፊል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ነቢዩ ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። የተሸጠበትም ባለ ዕቃ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ሰጥተውታል። የእኔ ጎረቤት ገበያ አልደረሱም። የሚደርሱበት ገበያም አልነበረም፤ ያን ጊዜ አክሲዮን በዘመድና በደላላ ነበር የሚሸጠው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈት (ቀኑ ጁሙዓ ነበር) እኔን ደስ ያሰኘኝ ስለዚህ ነው። በግልጽ ዋጋ በሚጠራበት፣ ድርጅቱ ሒሳቡን ለሁሉም እንዲያሳይ በሚገደድበት ቦታ፣ ሁለታችንም ያንኑ ወረቀት ማንበብ እየቻልን እኔ ታግሼ ብገዛና ሌላው ተቻኩሎ ቢሸጥ ነፍሴ አትከሰኝም። ቤቷ ተቀምጣ ሐኪም ቤት ከምትጠብቅ እናት ላይ መግዛት ግን ሌላ ነው። ግራሃም «መጠባበቂያ» ያለውን ከእሳቸው ጉሮሮ ላይ ነበር የወሰድኩት።

ሄድኩ። ልጁ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ያወቅሁትን ሁሉ ነግሬ የዋጋውን ልዩነት በፖስታ ዘረጋሁላቸው። ፖስታውን አልነኩትም። «ያኔ ብትነግረኝ አምስቱን ብቻ ነበር የምሸጠው» አሉ። የቀማኋቸው ብር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ምርጫው ዛሬም የእርስዎ ነው አልኳቸው። አምስቱን በሸጡበት ዋጋ መልሰው ወሰዱ፤ ገንዘቡንም በሦስት ጊዜ ከፈሉኝ። ለቀሩት አምስቱ የሚገባቸውን ልዩነት ከብዙ ልመና በኋላ ተቀበሉ። በመካከሉ የተከፋፈለውን የአምስቱን ትርፍም አስረከብኳቸው።

አሁን በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ አብረን እንሄዳለን። ሪፖርቱን በመንገድ ላይ አነብላቸዋለሁ። ዘንድሮ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ሲል ከኋላ ወንበር እጃቸውን አውጥተው፣ «አዲሱን ማሽን የገዛችሁት በብድር ነው ወይስ በትርፋችን?» አሉ።