ዩኒፎርሙን አጥፋልኝ

ባለፈው ክረምት እናቴ አንድ ፎቶ ሰጠችኝ። የታላቅ ወንድሟ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ቀረ። ሰፈራችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ «ያ በረኛው» ይባላል። ፎቶው ላይ ግን የወታደር ልብስ ነው የለበሰው። እስከ 1983 ዓ.ም. ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትሠራው? ዩኒፎርሙን አጥፋልኝና ማሊያ አልብሰው። ከዚያ እሰቅለዋለሁ» አለችኝ።

በዛሬ ሶፍትዌር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ወራት ፈጀሁ። ምክንያቱ ደግሞ አንድ አየርላንዳዊ ነው።

በዚያው ሰሞን ለልምምድ ብዬ የድሮ ራግቢ ተጫዋቾችን መረጃ እያጸዳሁ ነበር፤ ስም፣ የጨዋታ ብዛት፣ የልደት ቀን፣ የሞት ቀን። በሞት ቀን ስደረድራቸው ከ1914 እስከ 1918 ያሉት ረድፎች አላልቅ አሉ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ መሐል ቪንሰንት ማክናማራን አገኘሁት።

የኮርክ ልጅ ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምህንድስና ተምሯል። በ1914 ለአየርላንድ ሦስት ጊዜ ተሰለፈ። ቦታው ስክረም-ሃፍ ነበር፤ ግዙፎቹ ተጋፍተው ሲገፋፉ ከእግራቸው ሥር ኳሷን አውጥቶ ለሌሎች የሚያቀብለው ሰው። ከሦስቱ ጨዋታዎች በኋላ ጦርነት መጣ። ከብሪታንያ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ገብቶ ወደ ጋሊፖሊ፣ ቱርኮች ወደሚከላከሉት ግንባር ሄደ። በኖቬምበር 1915፣ በ24 ዓመቱ፣ እዚያው ሞተ።

እዚያ ግንባር ላይ ምሽጎቹ በጣም ይቀራረቡ ነበር። ፊት ለፊት መሮጥ እልቂት ስለሆነ በመሬት ሥር ይቆፍሩ ጀመር፤ ከጠላት ምሽግ ሥር ሲደርሱ ፈንጂ ቀብረው ያፈነዳሉ። የማክናማራ ሥራ ይኼ ነበር። አንዱ ፈንጂ ከፈነዳ በኋላ ዋሻው ውስጥ የቀረው ጋዝ ገደለው። ፍንዳታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተዋል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው።

እኔም ምህንድስና ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሰውዬውን ወደድኩት። ትንሽ ቆይቼ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ፤ ከዚያ ፈንጂ በላይ የነበሩት እነማን ናቸው? የእነሱ ስም እኔ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ምናልባት ኳስ የሚወድም ይኖርበት ነበር።

አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የግዳጅ ምልመላ አልነበረም። የገቡት በፈቃዳቸው ነው፤ አንዱ ለንጉሡ ታምኖ፣ አንዱ አገሩ የራስ አስተዳደር ታገኛለች ብሎ፣ አንዱ ለደመወዝ። በኤፕሪል 1916 ግን ደብሊን ውስጥ በብሪታንያ ላይ አመፅ ተነሳ። መሪዎቹ ሲረሸኑ የሕዝቡ ልብ ዞረ። በ1922 ነፃው መንግሥት ሲቆም የብሪታንያን ዩኒፎርም ለብሶ የሞተ ልጅ ለብዙ ቤት የማይወራ ጉዳይ ሆነ። በ1930ዎቹ አይላንድብሪጅ ላይ ከ49,000 በላይ ስሞች የሚታወሱበት የመታሰቢያ የአትክልት ስፍራ ተሠራ፤ ግን ለአሥርተ ዓመታት ተረስቶ አረም በላው። በ1980ዎቹ ታደሰ። የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማክአሊስና የብሪታንያ ንግሥት ኤልሳቤጥ እዚያ አብረው የአበባ ጉንጉን ያስቀመጡት በ2011 ነው፤ ማክናማራ ከሞተ 95 ዓመት ካለፈ በኋላ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ቀላሉ መንገድ የእናቴ መንገድ ነው። ተጫዋቹን አስታውስ፣ ስለ ወታደሩ ዝም በል። ማሊያ ከማንም አያጣላም። ግን ዩኒፎርሙን ሳጠፋው ልጁ በ24 ዓመቱ ለምን እንደሞተ አብሮ ይጠፋል፤ ከዋሻው በላይ የነበሩት ቱርኮችም አብረው ይጠፋሉ። ዩኒፎርሙን ብቻ ካስቀረሁት ደግሞ ልጁ የመንግሥት ንብረት ይሆናል። መንግሥት ሁሉ የራሱን ሙታን ጀግና ማድረግ ይወዳል፤ ባለ ሌላ ወገኖቹን ደግሞ መርሳት።

«ታዲያ ዩኒፎርም መስቀል የተዋጋለትን ዓላማ ማወደስ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ቀልድ አይደለም። ቡና የምንጠራራት ጎረቤታችን ወንድሟ የሞተው በዚያው ጦርነት፣ በወዲያኛው ወገን ሆኖ ነው። እናቴ ፎቶውን የጠቀለለችው መንግሥት ፈርታ ብቻ አይደለም። የእሷን ዓይን ፈርታ ነው። አጎቴ ተገዶ ነው የሄደው ብዬ ላመልጥ እችላለሁ፤ ግን የተኮሰው ጥይት ተገዶ መሄዱን አያውቅም።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንድ መመዘኛ ቀረኝ። ስለ ሙት የምትናገረውን፣ እሱ የተዋጋው ሰው ዘመድ ፊት ሳትቀንስ ሳትጨምር ልትናገረው ትችላለህ? ከቻልክ ማስታወስ ነው። ካልቻልክ ወይ ውዳሴ ነው፣ ወይ መደበቅ። ስለ ማክናማራ ለአንድ ቱርክ እንዲህ ልለው እችላለሁ፦ «ጎበዝ ተጫዋች ነበር። ከአያቶችህ ምሽግ ሥር ፈንጂ ቀብሯል። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። አሳዝኖኛል፤ የእናንተዎቹም እንደዚያው።» ይኼ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስጨበጭብም፤ ግን ማንንም አይዋሽም።

ፎቶውን ለእናቴ መለስኩላት። ጭረቱን አጥፍቻለሁ፣ የደበዘዘውን ፊት አድምቄያለሁ፤ ዩኒፎርሙን አልነካሁትም። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ መልሳ በነጠላ አልጠቀለለችውም፤ ብፌው ላይ አቆመችው።

«አትሰቅይውም?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ፣ «መጀመሪያ ለእሷ ላሳያት።»