የወንዜ ልጅ ማን ነው?

ከአገሩ ርቆ የትውልድ መንደሩን ሰው ያገኘ ሁሉ «የወንዜ ልጅ!» ብሎ ያቅፈዋል። በቋንቋችን ወንዝ ዝምድና ነው። ውድ ወጣቶች፣ እስቲ ዛሬ ይህን ቃል ወደ አዲስ አበባ ወንዞች ወስደን እንፈትነው።

ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎቹ ወንዞች ከእንጦጦ ተራሮች ይወርዳሉ። ከተማዋን አቋርጠው በአቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ከአፋር በረሃ ማዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። የጣልነውን ተቀብሎ የሚወስድልን ባሕር የለም ማለት ነው። በመንገዱ ሁሉ ደግሞ ሰው አለ፤ ከብቶቹን የሚያጠጣ አለ፣ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ አለ። አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል።

ብዙ ሰው ስለ ወንዝ ዳር ሕግ ሲሰማ «በገዛ ግቢዬ ማን አገባው?» ይላል። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ የወንዝ ዳርቻ ተከልሎ በክልሉ ውስጥ ቤት መሥራትና ዛፍ መቁረጥ እንዲከለከልም ይፈቅዳል። የአዲስ አበባ ከተማም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ የራሷን ደንብ አውጥታለች። ይህ በሰው ይዞታ ጣልቃ መግባት ነውን?

ዘዳግም 22፥8ን አስቡ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዘዘ። ቤቱ የእርሱ ነው፤ ጣራውም የእርሱ ነው፤ ሊወድቅ የሚችለው ግን ሌላ ሰው ነው። የወንዝ ዳር ክልልም እንዲሁ መከታ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በጣራህ ላይ የሚወጣውን እንግዳ ታውቀዋለህ፤ ከወንዙ በታች ያለውን ሰው ግን ፊቱን አይተኸው አታውቅም። ስለዚህ ፍቅርህ ብቻውን አያስታውሰውም፤ ሕግ ማስታወስ አለበት።

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛዋ በቆርቆሮ ቤት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት፤ መጸዳጃ ስለሌላት ፍሳሿ ወንዝ ይገባል። ሁለተኛው ማጣሪያ መግጠም እየቻለ ወጪው ስለከበደው የፋብሪካውን ዝቃጭ በሌሊት የሚለቅ ባለ ሀብት ነው። ሁለቱን በአንድ ቅጣት መቅጣት እኩልነት ይመስላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። አንዱ አልፈለገም፤ ሌላዋ አልቻለችም።

«እንግዲያውስ ድሃዋን እንተዋት» የሚል ይኖራል። ይህም ወንዝ አያሻግርም። ከታች ያለው ልጅም ድሃ ነው፤ ለእርሷ ያሳየነውን ርኅራኄ ዋጋ እርሱ በጤናው ሊከፍል አይገባም። መውጫው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፦ መጀመሪያ የጋራ መጸዳጃ፣ የፍሳሽ መስመርና የቆሻሻ ማንሻ ይቅረብ፤ ከዚያ ቅጣቱ ይምጣ። መነሣት ካለባትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁለት መብቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ነው፤ ሌላው በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ የማግኘት መብት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አንቀጹን ለሁለት መቅደድ ነው።

በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት ዕቅድ ይፋ ሆኗል። መናፈሻና የእግር መንገድ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዳርቻው ለመኖሪያ ቤት አይሆንም ከተባለ፣ ለካፌ እንዴት ይሆናል? መልስ አለው፦ መናፈሻ ወንዙ ሲሞላ ውሃውን ያሳልፋል፤ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው፤ ሌሊት የሚተኛበት ቤተሰብም ጎርፍ አይወስደውም። ይህ መልስ የሚቆመው ግን መናፈሻው በእርግጥ ለሁሉም ክፍት ሲሆንና የካፌው ፍሳሽ ራሱ ወንዙ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው። በዚያ ይኖር የነበረ ሰው በመግቢያ ዋጋ ምክንያት ከአጥር ውጭ ከቆመ፣ ዳርቻው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ዞረ እንጂ የጋራ አልሆነም።

ይህ የባለ ሥልጣናት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። አብያተ ክርስቲያናትም ይገነባሉ፤ ወንዝ አጠገብ የሚገነቡም አሉ። «የእግዚአብሔር ቤት ነው» ማለት ከመከታው ነፃ አያወጣም፤ እንዲያውም ያጠብቀዋል። በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የእኛ መጸዳጃ ቱቦ የት ነው የሚወጣው? መልሱን የሚያውቅ ከጠፋ ቱቦውን ተከትላችሁ ሂዱ። መጨረሻው ላይ ወንዝ ካገኛችሁ፣ ከወንዙ በታች ያለው ሰው የወንዛችሁ ልጅ ነውና ጉዳዩን ሳትውሉ ሳታድሩ ለሽማግሌዎቻችሁ አቅርቡ።