ደፉን ከተሻገሩ በኋላ

አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሃይድን ለትራምፔት የጻፈውን ኮንቸርቶ ተጫወተ እንበል። ከእሱ ቀጥላ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የሴን-ሳንስን የመጀመሪያ የቼሎ ኮንቸርቶ ተጫወተች። አዳራሹም ዳኞቹም ያው ናቸው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ማን በለጠ?

ይህ ለክርክር ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው የዴንቨር ወጣት አርቲስቶች ኦርኬስትራ የኮንቸርቶ ውድድር አለው። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ጎልደን ላይ ደግሞ የጄፈርሰን ሲምፎኒ ለወጣቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ያዘጋጃል። የእንዲህ ዓይነት ውድድር አሠራር የትም ተቀራራቢ ነው። ተወዳዳሪው ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ይዞ ይቀርባል። ኦርኬስትራው ስለሌለ አንድ ፒያኖ ተጫዋች የስድሳና የሰባ ሰውን ድርሻ በአሥር ጣት ተሸክሞ ያጅበዋል። ዳኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። በመጨረሻ ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ልጅ ሙሉ ኦርኬስትራ ከኋላው አሰልፎ ሕዝብ ፊት ይጫወታል።

ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ጎዳና ግራና ቀኝ በሚኖረው የእኛ ሰው ቤት ቫዮሊን መያዣ ያዘለ ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ደስም ይላል። ነገር ግን እኛ ወላጆች ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ አለ። የትምህርት ቤት ካርዳችን ላይ «ደረጃ» የሚል ቦታ ነበር። አባት ካርዱን ሲቀበል ዐይኑ ሒሳብና ሳይንሱን ዘልሎ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር። ልጁ ምን እንደተማረ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ስንተኛ እንደወጣ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬም ልጃችን ከውድድር አዳራሽ ስትወጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይኸው ነው፦ ስንተኛ ወጣሽ?

ጥያቄው የሚገባው ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ልዩነት ቢሆንም እውነት ነው። ዳኞች ባይኖሩ፣ ስታዲየሙ ባዶ ቢሆን፣ ኃይሌን የሚጠላ ሰው ሰዓቱን ቢይዝ እንኳ ኃይሌ ቀድሟል። ደረጃው ከውድድሩ በፊትም በኋላም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የትራምፔቱና የቼሎው ልጆች ግን የሮጡበት አንድ መም የለም። አንዱ ጠርቶ የሚወጣ የነሐስ ድምፅ ነው፤ ሌላው በደጋን የሚሳብ፣ ወደ ሰው ድምፅ የሚጠጋ። በመካከላቸው የሚዘረጋ ሜትር አልተሠራም።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ባሳተመው ስለ ጣዕም መለኪያ በሚያትት ድርሰቱ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ልምድ ያለው፣ ብዙ ያነጻጸረ፣ ከአድልዎ የጸዳ፣ ስሜቱ የረቀቀ ዳኛ ይገኛል፤ የእንዲህ ዓይነት ዳኞች የጋራ ፍርድም መለኪያ ይሆናል ይላል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ወደ ድርሰቱ መጨረሻ ያመነው ነገር ነው። ጥሩ ዳኞችም ቢሆኑ በጠባያቸውና በዕድሜያቸው ምክንያት ይለያያሉ፤ ይህ ልዩነት ማንንም አያስወቅስም፤ የሚፈታው መለኪያም የለም። ወጣቱን የሚነካው ግለት ሌላ፣ የሸመገለውን የሚነካው እርጋታ ሌላ ነው። በ1980 ዋርሶ በተደረገው የሾፓን ውድድር ፒያኖ ተጫዋቹ ኢቮ ፖጎሬሊች ለመጨረሻው ዙር ሳያልፍ ሲቀር፣ ራሷ በ1965 ያንኑ ውድድር ያሸነፈችው ማርታ አርገሪች ከዳኝነቱ ጥላ ወጣች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ጆሮ የሌለው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በአንድ ፍርድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደብቀዋል። የመጀመሪያው ከደፍ በታችና በላይ ያለውን መለየት ነው። ድምፁ ከቅኝት የወጣ፣ ምቱ የጠፋበት፣ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ያልገባው ተጫዋች አለ፤ ይህን ማንም የሠለጠነ ጆሮ ያውቀዋል፤ ዳኞች ሁሉ ይስማሙበታል። ይህ በእርግጥ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ሥራ ደፉን ከተሻገሩት መካከል አንዱን ማንሳት ነው። እዚህ ጋ የሚታወቅ ነገር አልቋል፤ የሚቀረው መምረጥ ነው። ምርጫው የግድ የሚሆነው ደግሞ ከልጆቹ ችሎታ የተነሣ ሳይሆን ከቦታ ጥበት ነው። ኦርኬስትራው በአንድ ምሽት አሥር ኮንቸርቶ መጫወት አይችልም።

በቦታ ጥበት የተደረገን ምርጫ የችሎታ ልኬት አድርጎ ማንበብ ምን እንደሚያስከትል ከተማችን ዴንቨር ታውቃለች። አንቶኒያ ብሪኮ በ1930 የበርሊን ፊልሃርሞኒክን የመራች፣ በ1938 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን የመራች ሴት ነበረች። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር መጥታ ኖረች፤ የከተማዋ ሲምፎኒ ግን የመሪነቱን ቦታ አልሰጣትም። በዚያ ዘመን ሴትን መድረኩ ላይ ለማቆም የሚደፍር ቦርድ ብርቅ ነበር። እሷ ለአሥርተ ዓመታት በትርፍ ጊዜያቸው የሚጫወቱ ሰዎችን ሰብስባ መራች፤ ያ ኦርኬስትራ ዛሬ የዴንቨር ፊልሃርሞኒክ ይባላል። ቤቷ ውስጥም ልጆች አስተማረች። ከተማሪዎቿ አንዷ ጁዲ ኮሊንስ በ13 ዓመቷ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ኮንቸርቶ መድረክ ላይ ተጫውታ፣ ኋላ ፒያኖውን ትታ በጊታርና በሕዝብ ዘፈን ታወቀች። እሷው ናት በ1974 ስለ መምህሯ የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ከፊልም ሠሪዋ ጂል ጎድሚሎው ጋር ያዘጋጀችው። ብሪኮ አለመመረጧ ስለ ችሎታዋ የነገረን አንዳች ነገር የለም።

የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ሥራ ከሁለተኛው ለይቶ ይዟል። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ዙር አምባ ይወጣል። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ዓመታት ፈጅቶ እዚያ የደረሰው ሰው መምህሩ ፊት የሚቆመው ከጓደኛው ጋር ሊለካ አይደለም። ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? ካወቀው ይመሰከርለታል፤ በአንድ ዓመት አሥር ቢሆኑ አሥሩም ምስክር ናቸው፤ በመካከላቸው አንደኛና አራተኛ የለም። ካላወቀው «ገና ነህ» ይባላል። ይህ ከባድ ቃል ነው፤ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ነገር ግን መንገዱን አይዘጋም። «አራተኛ ነህ» የተባለ ልጅ ምን ጨምሮ ቢመለስ እንደሚበቃው አይነገረውም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡትን ሦስት ሌሎች ልጆች ገና አያውቃቸውምና። የአብነት ትምህርት ቤቱ ፉክክር አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። የሙያ ማረጋገጫው ግን በፉክክሩ ላይ አልተመሠረተም።

ታዲያ ከደፉ በላይ ያለውን ምርጫ ለዕጣ ብንተወውስ? ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በይሁዳ ቦታ የሚተካው ሐዋርያ ሲፈለግ መስፈርቱን ያሟሉ ሁለት ሰዎች፣ ዮሴፍና ማትያስ፣ ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ ተጣለ፤ ለማትያስ ወጣ። ዮሴፍን ማንም አላሳነሰውም። እውነቱን ለመናገር ዕጣ በዳኞች ክፍል ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል። ፍሎረስና ጊንስበርግ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1996 የብራስልሱን የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር ውጤቶች መርምረው፣ በመጀመሪያው ቀን የሚጫወቱት የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ከፍተኛውን ደረጃ የማግኘት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ተራው የሚወጣው ደግሞ በዕጣ ነው። 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በደረቋ ዴንቨር ሌላም ዕጣ አለ፦ በበረዶው ወራት እንጨት ይጨማተራል፣ የቫዮሊን መቃኛ ይንሸራተታል፣ መርገብ በሌለበት ሰዓት ክር ይረግባል።

ቢሆንም ዕጣውን አልመርጥም። ዕጣ አይሰማም። ልጅቷ ወራት የለፋችው የማያውቋት ሰዎች በሙሉ ጆሯቸው እንዲያዳምጧት ነው፤ ከእናቷም ከመምህሯም የማታገኘው ነገር ይህ ነው። ዳኛው «ይህኛው ነካኝ» ብሎ ሲመርጥ ራሱን ያስጠይቃል፤ ምክንያቱን ሊናገር ይችላል፤ ሊሳሳትም ይችላል። ይህ ሰው ለሰው የሚሰጠው ነገር ነውና ይቆይ። የምጠይቀው የሁለቱ ሥራዎች ውጤት ለየብቻ እንዲነገር ነው። በመጀመሪያ ደፉን የተሻገሩት ሁሉ በስማቸው ይጠሩ፤ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ያለው ቁጥር ይቅር። ቀጥሎ ዳኞቹ «በዚህ ዓመት እሱን መረጥን» ይበሉ፤ ለእያንዳንዱም የሰሙትን ጽፈው ይስጡ። ያኔ የእኛም ጥያቄ ይለወጣል፤ ልጃችንን ስለ ቁጥሯ ትተን ዳኞቹ በኮንቸርቶው ሁለተኛ ክፍል ላይ ምን እንደሰሙ እንጠይቃታለን።

ሽልማቱም ራሱ ይህን ይደግፋል። ብዙ የወጣት ኦርኬስትራዎች ብቸኛ ተጫዋቹን ከራሳቸው አባላት መካከል ያወዳድራሉ። ስለዚህ በኮንሰርቱ ምሽት ያልተመረጠች ቫዮሊን ተጫዋች ልጅ ሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር ላይ ትገኛለች። ቴርጋት ኃይሌ ሜዳሊያውን እንዲያጠልቅ መርዳት አልነበረበትም። እሷ ግን ዝምታዋን በትክክል መቁጠር፣ ብቸኛው ተጫዋች ሲዘገይ አብራ መዘግየት፣ ሲቸኩል መያዝ አለባት፤ እሷና ሌሎቹ ያልተመረጡት ካልቻሉ የተመረጠው ልጅ የሚጫወተው ኮንቸርቶ የለውም።