በቱቦ የሚገባ ምግብ

«እህል ቀመሱ?» አስታማሚዎች ተራ ሲቀያየሩ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ይህንን ነው። የደም ግፊቱና የኦክስጅኑ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ «በአፍንጫ ቱቦ እናስገባላቸው» ሲል ቤተሰብ ቢደነግጥ አይገርምም፤ ቱቦውን እንደ መጨረሻው ምልክት የሚያዩት ብዙ ናቸው። ከድንጋጤው ሥር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ማብላት ነው ወይስ ማከም?

መልሱ ቱቦው ምን እየጠበቀ እንደገባ በማየት የሚገኝ ይመስለኛል። በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ሕመም ተደርቦበት በአገራችን ሆስፒታሎች የሚተኛን ሕፃን እንውሰድ። ሰውነቱ በጣም ከመዳከሙ የተነሣ ረሃብ እንኳ አይሰማውም። ኤፍ-75 የሚባለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ወተት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ በአፉ የሚበቃውን መውሰድ ካቃተው በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ። እናቱ «ለምን አይጠግብም?» ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን በረሃብ የተጎዳን ሰውነት በአንዴ ማጥገብ በደሙ ውስጥ ያሉትን ማዕድናት አዛብቶ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ነርሶቹ በጉጉት የሚጠብቁት የፍላጎቱን መመለስ ነው። ሕፃኑ ኩባያውን በራሱ መጎተት ሲጀምር ቱቦው ይወጣል፤ እንግዲህ ቱቦው ሕክምና ነው።

በስትሮክ መዋጥ ለተሳነውም ሰው ነገሩ ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ እንደገና መዋጥ ይጀምራሉ። ለረዥም ጊዜ ለሚያስፈልገው ደግሞ ቱቦው በሆድ በኩል በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። ይህንን ሆድ ሳይከፍቱ በኢንዶስኮፒ መሥራት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ነው። ማይክል ጋውደረርና ጄፍሪ ፖንስኪ መጀመሪያ የሠሩትም በአፉ በቂ ምግብ መውሰድ ላልቻለ ጨቅላ ሕፃን ነበር።

ዘዴው ቀላል ስለሆነ ከሕፃናት አልፎ የመርሳት በሽታቸው መጨረሻ ደረጃ ላይ ወደደረሰ አረጋውያን ተሻገረ። ሐሳቡ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። «አባባ እህል እምቢ ስላሉ ሊሞቱ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱንና ውጤቱን አገላብጠነዋል፤ ሰውነታቸው እየተሰናበተ ስለሆነ ነው እህል የተዉት። ለእነዚህ አረጋውያን ቱቦው ዕድሜ እንደሚያራዝም ጥናቶች አላሳዩም፤ እንዳይነቅሉት እጃቸው የሚታሰርም አሉ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የሚመክረው በትዕግሥት በእጅ ማጉረስን ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ማንኪያ አጥሚት ከልጅ እጅ መቅመስ ካሎሪው ትንሽ ነው፤ ጣዕሙና የሚያጎርሰው ሰው ፊት ግን በቱቦ አይገባም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዚህ የማብላትና የማከም ጥያቄ ጋር ተፋጥጧል። ናንሲ ክሩዛን እ.ኤ.አ. በ1983 በመኪና አደጋ ራሷን ስታ ለዓመታት በቱቦ ስትኖር፣ ወላጆቿ ቱቦው እንዲወጣ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ በ1990 በሰጠው ውሳኔ ራሱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ምግብ እምቢ ማለት ይችላል ከሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ራሷን ለማታውቀው ግን የሚዙሪ ግዛት ስለ ፈቃዷ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች አለ። የሰውየው ፈቃድ ሚዛኑን መድፋቱን እደግፋለሁ። ግን ስንቶቻችን ነን አባታችን መናገር ሳይሳነው ፈቃዱን የጠየቅነው? በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ጥያቄ እንደ ሟርት ይቆጠራል። በዚህም የተነሣ ውሳኔው በጭንቀት ሌሊት፣ ኮሪደር ላይ በቆሙ ልጆች ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ቱቦው ሕክምና ነው ካልኩ፣ ማብላቱ ገና ይቀራል ማለቴም ነው። በጉሮሮ ካንሰር ወይም በነርቭ ሕመም ምክንያት ለዓመታት በቱቦ እየተመገቡ የሚሠሩ፣ የሚጫወቱ፣ ልጅ የሚድሩ ሰዎች አሉ። ቤተሰብ ግን በማይበላ ሰው ፊት መብላት ነውር ሆኖበት፣ ማዕዱን ሌላ ክፍል ወስዶ በዝምታ ይበላል። ርኅራኄ ነው፤ ሰውየውን ግን ከምግቡም ከጨዋታውም ያርቀዋል። ሽታው ይከፋው፣ ወይስ ከወጡ ጠብታ ምላሱን ማስነካት ያምረው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጠብታዋን ሐኪሙ መፍቀድ አለበት፤ ወንበሩን ወደ ማዕዱ ማስጠጋቱ ግን ለቤተሰቡ የቀረ ሥራ ነው።