ማቋረጥ ሁሌ ሽንፈት ነው?

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩጫ ነው። «ኡስታዝን ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ትንሽ ታገሱኝ፤ መጨረሻው ቤታችሁ ይገባል።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ጁምዓ ነበር። በእኛ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ መስቀል አደባባይ ላይ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደመራ ያበሩበት ምሽት ነው። ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን ገና አልተኛም፤ እኛም ቤት ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። በዚያ ሰዓት ያደረጉት የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ነው። ሙቀቱ ግን ሌሊትም አልሄደም፦ 32.7 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ 73 በመቶ። ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም ውስጥ ይቀራል።

ከጀመሩት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ናቸው። ካቋረጡት መካከል ሦስቱ የእኛ እህቶች ነበሩ፦ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀ እና ሹሬ ደምሴ። ሦስት አሰልፈን አንዷም አልጨረሰችም። ሩቲ እኮ ከሰባት ወር በፊት ቶኪዮ ላይ በብርድና በዝናብ ሮጣ ያሸነፈች ናት። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲችም የገባችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው፤ በሻምፒዮናው ታሪክ እንደዚያ በዘገየ ሰዓት ያሸነፈች አልነበረችም።

ሳምንት አለፍ ብሎ በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር አመጡልን። ከ2001 እ.ኤ.አ. የገዛኸኝ አበራ ድል ወዲህ በዚህ ርቀት ለወንዶቻችን የመጀመሪያው ወርቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነው። እኔም በቀጣዩ ጁምዓ በማቀርበው ደርስ ስለ ሶብር ልናገር አሰብኩና የሩጫውን ወሬ ምሳሌ አደረግኩት። አንደበቴ ተፍታታ። ሌሊሳን አነሳሁ፣ እህቶቻችንን ደግሞ ከእርሱ በተቃራኒ አቆምኳቸው። «ሙእሚን ጀምሮ አያቋርጥም!» አልኩ። ተክቢራ ተባለ፤ እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ደስ አለኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ በሴቶቹ በኩል፣ እናቴ ተቀምጣ ነበር።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሐኪሟ «ጾም ላንቺ አደገኛ ነው» ብሏታል፤ እኔም አውቃለሁ። በዚያው ዓመት የመጣው ረመዳን በኮሮና ምክንያት መስጊዶች የተዘጉበት፣ ሁላችንም ቤት የዋልንበት ነው። እንደምትበላ እያስመሰለች ስትጾም አላየናትም። በስምንተኛው ቀን ከዐስር በኋላ ንግግሯ ተወላገደ። እኔን በሟች አባቴ ስም ጠራችኝ። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ሳቀርብላት እጄን ገፋችው፤ «መግሪብ ሊደርስ ነው፣ ተወኝ» አለች። እህቴ አቅፋ ይዛት ጠብ ጠብ እያደረግን አጠጣናትና ወደ ሐኪም ወሰድናት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። ማታ ስትነቃ «እማዬ፣ ለምን?» አልኳት።

«አንተው አይደለህ እንዴ ሙእሚን አያቋርጥም ያልከው?» አለችኝ።

አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ሐዲሥ አለ፤ መድረሳ ሳለሁ ቀርቼዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ማታ ነው። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ራሱን ድንጋይ መትቶት ይቆስላል፤ ከዚያ ጀናባ ይሆናል። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፣ ሞተ። ወሬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ የገደሉት እነርሱ ናቸው አሉ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ብለውም ወቀሷቸው። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለዲን የተጨነቁ፣ የከበደውን መንገድ ወደ አላህ ይበልጥ የቀረበ አድርገው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ልክ እንደ እኔ።

አንዳንዶቻችሁ አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የዑምራዋ ምንዳ በድካሟ ልክ መሆኑን ነግረዋት የለም ወይ? አዎ፣ ትክክለኛ ሐዲሥ ነው። ግን አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ደግሞ አጠገቡ አስቀምጡት። አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቹ መሐል ተደግፎ እየተጎተተ ሲሄድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩት። በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ተስሎ ነው ተባሉ። አላህ ይህ ሰው ራሱን ከማሠቃየቱ የተብቃቃ ነው አሉና እንዲጋልብ አዘዙት። አቡ ኢስራኢል የተባለው ሌላ ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ ሳይጠለል፣ ሳይናገር ሊጾም ተሳለ። ተቀመጥ፣ ተጠለል፣ ተናገር፣ ጾምህን ግን ጨርስ ተባለ። ልብ በሉ፣ ጾሙ አልተሰረዘም። የተሰረዘው ፀሐዩ ነው።

የግራናዳው ኢማም አሽ-ሻጢቢ «አል-ሙዋፈቃት» በተሰኘው ኪታባቸው ይህን በሰፊው ያብራራሉ። ሥራው ከባድ ቢሆንም ሥራውን ብለህ ትገባበታለህ፣ ድካሙም ይመነዳልሃል፤ ድካሙን ራሱን ግብ አድርገህ መፈለግ ግን የባሪያ ድርሻ አይደለም። የዓኢሻ ድካም ወደ በይቱላህ ስትሄድ መንገዷ ላይ ያገኘችው ነው። የአቡ ኢስራኢል ፀሐይ ግን የትም አያደርስም።

ይህ ለኪታብ ቀላል ነው። ችግሩ ከውስጥ ሆነህ ስታየው ነው። ነፍስያ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፤ ለፈጅር ሲቀሰቅሷት «ሰውነትህ ሐቅ አለው» የሚለውን ሐዲሥ ትጠቅሳለች! ታዲያ የስንፍናን «ይብቃኝ» ከእውነተኛው «ይብቃኝ» በምን እንለያለን?

በ2015 ዓ.ም. ከዒደል ፊጥር ሁለት ቀን በኋላ በለንደን ማራቶን የሮጠችውን የአዳማዋን ልጅ፣ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠውን ሲፋን ሐሰንን ታስታውሳላችሁ? መሐል ላይ ታፋዋን አመማት፤ ቆመች፣ ተሳሳበች፣ መሪዎቹ ጥለዋት ሄዱ። ከዚያ ደርሳባቸው አሸነፈች። እርሷን የያዛት የጡንቻ ሕመም ነው። ጡንቻ ሲታመም የሚፈርደው አእምሮ ደህና ስለሆነ ልቆይ፣ ልሂድ ማለት ይቻላል።

አእምሮው ራሱ ሲታመምስ? ከባድ የሙቀት ምት የያዘው ሯጭ ከሚታዩበት ምልክቶች አንዱ ግራ መጋባት ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰውም እንዲሁ፤ የእናቴን አይቻለሁ። «እችላለሁ፣ ተዉኝ» የሚለው አንደበት በዚያ ሰዓት ምስክርነቱ አይያዝም። ዳኛው ራሱ ቆስሏል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ኮዙሜል ላይ በተደረገ የትራያትሎን ውድድር ይህ በዓለም ፊት ታየ። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ በተከታታይ የሚደረጉበት ነው፤ ረጅሙ ዓይነት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን አለው። የኮዙሜሉ አጠር ያለው ነበር፣ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። እንግሊዛዊው ጆኒ ብራውንሊ እየመራ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት እግሩ ተሳሰረ፤ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄደ። ከኋላ የመጣው ታላቅ ወንድሙ አሊስተር የማሸነፍ ዕድሉን ትቶ ትከሻውን አስደገፈው፤ እየጎተተ ወስዶ መስመሩ ላይ ከራሱ አስቀድሞ ገፋው። ዓለም አለቀሰ፣ አጨበጨበ። እኔም መጀመሪያ ሳየው አልቅሻለሁ። አሁን ሳየው ግን በሁለት ልጆቹ መሐል የሚጎተተው ሽማግሌ ትዝ ይለኛል። ወንድምነቱን አላናንቅም፤ ጆኒን አስደግፎ ጥላ ሥር ቢያስቀምጠው ኖሮ ግን ያን ያህል እናጨበጭብለት ነበር? እንጃ።

ስለዚህ የዶሃዎቹን እህቶቼን በልቤ አውፍ ብያቸዋለሁ፤ እነርሱ ደርሴን አልሰሙም፣ ዕዳው ግን የእኔ ነው። በዚያ ሌሊት፣ አገር እያየ፣ እግራቸው ሳይሰበር «በቃኝ» ለማለት የሚያስፈልገውን ነገር ያን ጊዜ ፍርሃት ብዬ ነበር የቆጠርኩት።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በ2017 ፈረሰ፤ ራቅ ካለ ሰፈር ገባን። እናቴ አትጾምም። ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ታበላለች፤ ፊድያዋን ራሷ ነው የምትሠፍረው፣ ለማንም አትሰጥም። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከጾሙ ይልቅ ይህ ነው የከበዳት። ባለፈው ረመዳን ዙህር ሰግጄ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የጎረቤት ልጆች እንዳያዩዋት ውኃ ስትጠጣ አገኘኋት። ብርጭቆውን ጨርሳ አስቀመጠችው።

«ይኸው ጠጣሁ» አለችኝ፤ «አሁን ደስ አለህ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ አላህ ይቀበልሽ» አልኳት።

«ውኃ መጠጣቴን?»

«አዎ፣ ውኃ መጠጣትሽን።»

ትንሽ ዝም አለችና ብርጭቆውን አንስታ «እንግዲያው ድገመኝ» አለች።